ለትራቨለር የመጀመሪያውን ማሟያ መጽሐፍ እንዴት እንመርጣለን?

ዋናውን የሕግ መጽሐፍ ገዝታችኋል። ገጸ ባሕርያቱ ተፈጥረዋል፣ ዳይሱ ተወርውሯል፣ ጓደኞቻችሁም «ቀጣዩ መቼ ነው?» ማለት ጀምረዋል። አሁን አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ልትገዙ አስባችኋል። የመሸጫውን ገጽ ስትከፍቱ ግን ሽፋኑ ሁሉ ያማልላል። ስለ ጠፈር መንኮራኩር አለ፣ ስለ ጦር መሣሪያ አለ፣ ስለ ሮቦት አለ፣ ስለ ሩቅ ዓለማት አለ። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። የቱ ይቅደም?

ትራቨለርን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በንግግር፣ በወረቀትና በሁለት ዳይስ የሚጫወቱት የሳይንስ ልብ ወለድ ጨዋታ ነው። አንዱ ሰው ዳኛ ይሆናል። ዓለሙን የሚገልጸውና በመንገድ የሚገኘውን ሰው ሁሉ ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ጨዋታውን ማርክ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1977 ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኩል አወጣው። ያኔ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሦስት ትንንሽ ጥቁር መጻሕፍት ነበሩ። አሁን የሚያሳትመው ሞንጉስ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ነው። የሞንጉስ ሁለተኛ እትም በ2016 ወጣ፤ በ2022 ደግሞ ታድሶ ታተመ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው «መጀመሪያ የመንኮራኩር መሥሪያውን መጽሐፍ ግዙ» ብሎ ይመክራል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አንድ አጭር ጀብዱ፣ ማለትም ለዳኛው ተዘጋጅቶ የተጻፈ ታሪክ፣ ግዙ እላለሁ። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንየው። የእናንተ ቡድን የተለየ ከሆነም እዚሁ ላይ ታውቁታላችሁ።

አንደኛ፦ ሳትገዙ ተጫወቱ፣ ጥያቄዎቹን መዝግቡ

በዋናው መጽሐፍ ብቻ ጥቂት ጊዜ ተጫወቱ። መቸኮል አያስፈልግም። የትራቨለር ዋና መጽሐፍ ብቻውን ብዙ ያስኬዳል፤ ገጸ ባሕርይ መፍጠሪያው፣ ውጊያው፣ ንግዱ፣ ዓለም መፍጠሪያው፣ የተዘጋጁ መንኮራኩሮችም ሁሉም እዚያው ውስጥ አሉ።

ዳኛው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያድርግ። ተጫዋቾቹ የጠየቁትን፣ እሱ ግን መልስ ያጣለትን ጥያቄ ይጻፍ። ቃል በቃል ይጻፈው። «ቀጥሎ ምን እንሥራ?» ካሉ የጎደለው ጀብዱ ነው። «እዚህ አካባቢ ማን ነው ኃይለኛው? ከጎረቤት ማን ከማን ተጣልቷል?» ካሉ የጎደለው የቦታ መጽሐፍ ነው። «መንኮራኩራችን ላይ ሌላ መሣሪያ ማስገጠም አንችልም?» ካሉ ወደ መንኮራኩር መጽሐፍ እያመራችሁ ነው። «ከዚህ የተሻለ የጥይት መከላከያ የለም?» ከሆነ ደግሞ የዕቃ ካታሎግ ነው።

ዝርዝሩን ሳትይዙ ሱቅ ከገባችሁ የምትገዙት ሥዕሉ ያማረውን ነው።

ሁለተኛ፦ እትማችሁን አጣሩ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ትራቨለር ከ1977 ወዲህ ብዙ እትም አይቷል። ሜጋትራቨለር በ1987 ወጣ። ኒው ኢራ በ1993 ተከተለ። በ1998 ደግሞ ጉርፕስ በተባለው ሌላ ሥርዓት የተዘጋጀ መጣ። የሞንጉስ አንደኛ እትም በ2008፣ ሁለተኛው በ2016 ነው። ችግሩ የመጻሕፍቱ ስም ይደጋገማል። «ሃይ ጋርድ» የሚባል የመንኮራኩር መጽሐፍ በ1979 ነበረ፣ ዛሬም አለ። የቅጥረኛ ወታደሮች መጽሐፍ የሆነው «መርሰነሪ»ም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው የወጣው በ1978 ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ ወይም ርካሽ ፒዲኤፍ ስታዩ በስሙ ብቻ አትመኑ።

ፈጣን መለያ ልስጣችሁ። መጽሐፉ ውስጥ «ቡን» እና «ቤን» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ሦስት ዳይስ ወርውሮ የተሻሉትን ሁለት ወይም የባሱትን ሁለት የመውሰድ ሕግ ነው። ይህ ካለ መጽሐፉ የሞንጉስ ሁለተኛ እትም ነው። ከሌለ ደግሞ የኅትመት ዓመቱን ተመልከቱ።

ደስ የሚለው ግን የዓለማት መግለጫ ከእትም እትም ብዙም አልተለወጠም። በትራቨለር እያንዳንዱ ዓለም በአጭር ኮድ ይጻፋል። ለምሳሌ ስፒንዋርድ ማርችስ በተባለው ሴክተር (የጨዋታው ካርታ ትልቅ ክፍል) ያለችው ሬጂና «ኤ788899» ተብላ ትጻፋለች። እንዲህ ይነበባል፦ ኤ ማለት የጠፈር ወደቧ ምርጥ ነው። ቀጥሎ ያለው 7 ስፋቷ ነው፤ የወገቧ ስፋት ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 8 አየሯ ወፍራም መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው 8 ከገጿ ሰማንያ በመቶው ውኃ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው 8 ሕዝቧ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር መሆኑን ያሳያል። የመጀመሪያው 9 መንግሥቷ ፊት የሌለው ቢሮክራሲ ነው ይላል። የመጨረሻው 9 የሕጓ ጥብቀት ነው፤ ከቤት ውጭ ማንኛውንም መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። የቴክኖሎጂ ደረጃዋ ከዚህ በኋላ ይጨመራል።

ይህን ኮድ በ1979 መጽሐፍ ውስጥ ብታገኙትም ዛሬ ለጠረጴዛችሁ ይሠራል። ስለዚህ አሮጌ የቦታ መጽሐፍ ግዢ ብዙ ጊዜ አያስቆጭም። አሮጌ የመንኮራኩር ወይም የውጊያ መጽሐፍ ግን ከሕጋችሁ ጋር ይጋጫል።

ሦስተኛ፦ የማሟያዎቹን ዓይነት ለዩ

ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል በአራት ቦታ ይመደባል።

የዕቃ ካታሎግ የመጀመሪያው ነው። በሞንጉስ በኩል «ሴንትራል ሰፕላይ ካታሎግ» አለ። ተጫዋቾች ይወዱታል። እኔ ግን የመጀመሪያ ግዢ ባይሆን እመርጣለሁ። በትራቨለር አንድ ሥራ የሚሳካው በሁለት ዳይስ 8 እና ከዚያ በላይ ሲመጣ ነው። ምንም ጭማሪ ከሌለ ዕድሉ 42 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ ነጥብ ሲጨመር 58 ይደርሳል፤ ሁለት ሲጨመር 72። አያችሁ፣ አንድ ጥሩ ዕቃ ብቻ ጨዋታውን ያዞረዋል። ገና ሚዛኑን ያልለመደ ዳኛ ፊት መቶ ዓይነት ዕቃ መዘርገፍ ለማንም አይበጅም። ደግሞም ሬጂና ላይ ስትደርሱ ያ ሁሉ ጠመንጃ መንኮራኩር ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል።

ሁለተኛው የሙያና የገጸ ባሕርይ መጽሐፍ ነው። ትራቨለር ገጸ ባሕርይ የሚፈጥርበት መንገድ ራሱ ጨዋታ ነው። በአራት አራት ዓመት እየተከፈለ ሰውየው በባሕር ኃይል፣ በስካውት (የአሰሳ አገልግሎት) ወይም በንግድ ያሳለፈው ሕይወት በዳይስ ይወሰናል። በ1977ቱ ሕግ እዚያው መሞትም ነበረ። ይህን የወደደ ቡድን ሌላ ሙያ ቢያምረው አይገርምም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ከጥንት ጀምሮ ሙያን በሰፊው የሚዘረዝሩት መጻሕፍት ከዋናው መጽሐፍ የበለጠ ክህሎት ይሰጣሉ። ከገዛችሁ ሁሉም ተጫዋች እኩል ይጠቀምበት። አንዱ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ከተፈጠረ ቅሬታው ሳይውል ሳያድር ይመጣል።

ሦስተኛው ሃይ ጋርድ ነው። ከትንሽ ጀልባ እስከ ግዙፍ የጦር መርከብ ድረስ መንኮራኩር በቶን እየተቆጠረ የሚሠራበት መጽሐፍ ነው። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ እኔም ከልቤ እወደዋለሁ። ነዳጁ ስንት ቶን ይይዛል፣ መኝታ ክፍሉ ስንት ይወስዳል፣ ለጭነት ምን ይተርፋል እያሉ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ ይቻላል። ብዙ ሰው ትራቨለርን ብቻውን የሚጫወተውም እንዲህ ነው። ነገር ግን ይህ ደስታ የአንድ ሰው ነው። ቅዳሜ ማታ አራት ጓደኞች ጠረጴዛው ዙሪያ ሲሰበሰቡ አዲስ የተሠራች መንኮራኩር «ዛሬ ምን እናድርግ?» ለሚለው መልስ አትሆንም። ለብቻችሁ መሥራት የምትወዱ ከሆነ ግን ምክሬን እለፉትና ሃይ ጋርድን ግዙ። እሱም ሙሉ ምክንያት ነው።

አራተኛው ቦታና ታሪክ ነው፦ የሴክተር መጽሐፍ፣ አጭር ጀብዱ፣ ረጅም ዘመቻ። ለመጀመሪያ ግዢ የምመክረው ከዚህ ነው።

በረጅሙ ዘመቻ ግን አትጀምሩ። ለምሳሌ «ፓይሬትስ ኦፍ ድሪናክስ» ስሙ የገነነ ነው። የወደቀ መንግሥት ንጉሥ ለተጫዋቾቹ ያረጀች የጦር መንኮራኩር ይሰጣቸዋል፤ በዘረፋ ፈቃድ ተነሥተው የጠፋውን ግዛት እንዲያስመልሱ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን ረጅም ወራት የሚፈጅና ዳኛውን ብዙ የሚያስነብብ ሥራ ነው። ቡድናችሁ አብሮ መቆየቱ ሳይታወቅ እዚያ ውስጥ ገንዘብ መክተት አይገባም።

አጭር ጀብዱ ግን ሌላ ነው። «ሃይ ኤንድ ድራይ» የተባለውን እንውሰድ። ተጫዋቾቹ ዋልስተን በተባለች ዓለም ላይ የቀረች የስካውት መንኮራኩር ሄደው ማስመለስ አለባቸው። ይኸው ነው። ለጀማሪ ቡድን ግን የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፦ የሚኬድበት ቦታ፣ የሚሠራ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በእጅ የሚገባ ነገር። ዳኛው ከዚህ ሌላም ይማራል። ባለሙያ ጸሐፊ አንድን ዓለም በምን ያህል ቃል እንደሚገልጽ፣ ዳይስ የት እንደሚያስወረውርና የት እንደማያስወረውር ያያል። የሕግ መጽሐፍ ይህን አያስተምርም።

አራተኛ፦ የመንኮራኩሩን ሒሳብ ሥሩ

በጀብዱና በሴክተር መጽሐፍ መካከል ለሚያመነታ ይህች ሙከራ ትረዳለች። ከቡድኑ ጋር ሆናችሁ የመንኮራኩራችሁን የወር ወጪና ገቢ ጻፉ።

በ1977ቱ ሕግ ቁጥሮች ላሳያችሁ፤ የእናንተ እትም ዋጋ ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው። ፍሪ ትሬደር የምትባለው ባለ 200 ቶን የንግድ መንኮራኩር 37,080,000 ክሬዲት (የጨዋታው ገንዘብ) ታወጣለች። የባንክ ዕዳው በ40 ዓመት ይከፈላል፤ በየወሩ የዋጋዋ 240ኛ እጅ። ይህም 154,500 ክሬዲት ነው። ለአራት ሠራተኞች ደመወዝ 15,000። ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚደረገው አንድ ዝላይ አንድ ሳምንት ይወስዳል፤ ወደብ ላይ የሚቆዩት ሲታከል በወር ሁለት ጉዞ ይወጣል። ለሁለቱ ዝላይ 40 ቶን የተጣራ ነዳጅ፣ በቶን 500 ሲታሰብ 20,000። ለሠራተኞቹ አየርና ምግብ 16,000። ድምሩ 205,500 መጣ፤ የወደብ ክፍያና ጥገና ገና አልተነካም።

ገቢውስ? 82 ቶን ጭነት፣ በቶን 1,000፣ ሁለት ጊዜ፦ 164,000። ያውም ቦታው ሙሉ ሲሆን ነው። ወደ 41,500 ክሬዲት ይጎድላል። ጉድለቱን ተሳፋሪ መሙላት አለበት፤ አንደኛ ማዕረግ በሰው 10,000 ነው። ተሳፋሪ ካልተገኘ ባንኩ ይመጣል።

አሁን የተጫዋቾቹን ፊት ተመልከቱ። «ታዲያ የት ብንሄድ ይሻላል? የትኛው ዓለም ምን ይገዛል?» ብለው ካርታው ላይ ከተረባረቡ የሴክተር መጽሐፍ ግዙላቸው። ስፒንዋርድ ማርችስ ብቻውን 439 ዓለማት አሉት፤ በሞንጉስ በኩል «ቢሃይንድ ዘ ክላው» ይሸፍነዋል። ለእንዲህ ዓይነት ቡድን ጀብዱ መግዛት አያስፈልግም፤ ዕዳው ራሱ ጀብዱውን ይወልዳል። ሒሳቡ ካሰለቻቸውና ስልካቸውን ማየት ከጀመሩ ደግሞ አጭር ጀብዱ ነው የሚያስፈልጋቸው። ስለ ብድሩ ዳኛው በልቡ ይያዘው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ትራቨለር ማፕ የተባለ በነፃ የሚታይ ድረ ገጽ አለ። የሴክተሮቹን ካርታና የዓለማቱን ኮድ ያሳያል። ለብዙ ቡድን ለጥቂት ወራት እሱ ብቻ ይበቃል። ኮዱን ማንበብ ከለመዳችሁ የሴክተር መጽሐፉ የሚጨምርላችሁ ታሪኩን፣ ፖለቲካውንና ሰዎቹን ነው።

አምስተኛ፦ የናሙና ገጹን በትክክል አንብቡ

ድራይቭ ስሩ አርፒጂ በተባለው የጨዋታ መጻሕፍት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹ ፒዲኤፎች የናሙና ገጽ አላቸው። ሥዕሉን ተዉትና እነዚህን ፈልጉ።

ጀብዱ ከሆነ፦ ስንት ተጫዋች ይፈልጋል? ተጫዋቾቹ የራሳቸው መንኮራኩር ሊኖራቸው ይገባል ወይ? ሌላ መጽሐፍ ግዙ ይላል ወይ? የግድ ሃይ ጋርድ ያስፈልጋል ካለ የገዛችሁት አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ሁለት ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንብቡ። ማን ነው የሚቀጥራቸው? ለምን? ተጫዋቾቹ «አንሄድም» ቢሉስ? ጸሐፊው ለዚህ መልስ ካላዘጋጀ መልሱን የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ፤ እሱን ደግሞ ያለ መጽሐፍም ታደርጉት ነበር።

የሴክተር መጽሐፍ ከሆነ አንድ ዓለም ብቻ መርጣችሁ አንብቡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ እዚያ ሊፈጠር የሚችል አንድ ጠብ ወዲያው ከታያችሁ መጽሐፉ ጥሩ ነው። የገዢዎችን ስምና የጦርነት ዓመት ብቻ ከዘረዘረ ለጠረጴዛ ብዙም አይጠቅምም።

ስድስተኛ፦ ማን ይግዛ? በምን መልክ?

ጀብዱ የሚገዛው ዳኛው ነው፣ የሚያነበውም እሱ ብቻ። ተጫዋቾች ምሥጢሩን ካዩት አለቀ። ስለዚህ መዋጮ ስታዋጡ ይህን ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ገንዘብ አውጥቶ «አታንብብ» መባል የሚከብደው ሰው ይኖራል። ለጋራ ንባብ የሚሆነው ካታሎጉ ወይም የሙያ መጽሐፉ ነው።

ለመጀመሪያ ግዢ ፒዲኤፍ ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ቃል መፈለግ ይቻላል፣ የሚያስፈልገውን ካርታ ብቻ ለራስ አትሞ መያዝም ይቻላል። አገር ቤት ላላችሁ የታተመ መጽሐፍ ማስመጣት ከመላኪያው ጋር ውድ ነው፤ የውጭ ካርድ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ወይም የቡድኑ አባል ካለ እሱ ይግዛና ሒሳቡን ተካፈሉ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዲሲ፣ አንዱ ዱባይ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ካርታውን በስክሪን ለማሳየት ፒዲኤፉ የግድ ነው።

የታተመውን የምመክረው ለአንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ዋናው የሕግ መጽሐፍ። በየደቂቃው የሚገለጠው እሱ ነው።

ሰባተኛ፦ ገዝታችሁ አታስቀምጡት

መጽሐፉ በእጃችሁ እንደገባ በሚቀጥለው ጨዋታ ተጠቀሙበት። ጀብዱ ከሆነ ዳኛው አንድ ጊዜ ሙሉውን ያንብብ፣ ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በራሱ አማርኛ ይጻፈው፦ የሰዎቹን ስምና ፍላጎት፣ የቦታዎቹን ቅደም ተከተል፣ የሚወረወሩትን ዳይሶች። ጠረጴዛው ላይ የሚከፈተው ያ ወረቀት ነው። እንግሊዝኛውን እያነበቡ በአፍ መተርጎም ጨዋታውን ያንቀራፍፈዋል፤ ተጫዋቾችም ይደብራቸዋል።

የሴክተር መጽሐፍ ከሆነ አንድ ሰብሴክተር (የሴክተሩ ክፍል) ምረጡ፤ 8 በ10 ፓርሴክ ነው፤ ፓርሴክ የኮከቦች ርቀት መለኪያ ነው። ከዚያም ውስጥ እርስ በርስ የሚቀራረቡ አራት አምስት ዓለማት ይበቃሉ። ፍሪ ትሬደር በአንድ ዝላይ አንድ ፓርሴክ ብቻ ስለምትሄድ ተጫዋቾቹ ሩቅ አያመልጧችሁም። በትራቨለር ደግሞ ከመንኮራኩር የሚፈጥን መልእክት የለም። ስለዚህ እነሱ ባንዱ ዓለም የሠሩት ጥፋት ወደ ጎረቤቱ የሚደርሰው መንኮራኩር ሲያደርሰው ነው። ቀድመው ከበረሩ ወሬውን ቀድመው ይደርሳሉ። ይህን አንድ ነገር በደንብ ከተጠቀማችሁበት አራቱ ዓለማት ለወራት ያጫውቷችኋል።

የጥያቄ መመዝገቢያውን አትጣሉት። ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመግዛት ስታስቡ ከአንደኛው ወዲህ የተጻፉትን ብቻ አንብቡ። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ካገኛችሁት የምትገዙት መጽሐፍ እሱ ነው። ያኔ ሃይ ጋርድ ከሆነ፣ ይሁን።